እኔን ይድፋኝ ከማለት እንቅፋቱን ማንሣት

በአገራችን አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ እንቅፋት ቢመታው፣ አጠገቡ ያለው ሰው ዘመድም ቢሆን ባዳም ቢሆን «እኔን!» ብሎ ይደነግጣል፤ እናቶችም «እኔን ይድፋኝ!» ይላሉ። ይህ ቃል የሌላውን ሰው ጉዳት በራስ ላይ ለመቀበል መውደድን የሚገልጽ ስለ ሆነ፣ ከርኅራኄ ቃሎቻችን ሁሉ የከበረ ነው። ነገር ግን ይህን ተናግረን፣ የወደቀውን ደግፈን አንሥተን፣ አቧራውንም አራግፈንለት እንሄዳለን እንጂ፣ የመታውን ደንጊያ ከመንገዱ አናነሣውም። ደንጊያውም በስፍራው ተቀምጦ የሚቀጥለውን መንገደኛ ይጠብቃል።

ከዚህም ሌላ ስለ እንቅፋት የሚነገር አንድ ምሳሌ አለ፤ ይኸውም አንድ ደንጊያ ሁለት ጊዜ የመታው ሰው፣ ደንጊያው ራሱ ሰውየው ነው የሚባለው ነው። ይህ ምሳሌ ሰው ከስሕተቱ እንዲማር የሚመክር በመሆኑ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ አንዱ ደንጊያ ዐሥር ሰዎችን የመታ እንደ ሆነ፣ ደንጊያው ማን ነው እንበል? ዐሥሩም ሰዎች ደንጊያ ናቸው ለማለት አይቻልም። ይልቁንም እንቅፋቱ ያለበት ስፍራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የነጋዴ ወፍጮ ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሆነ እንደ ሆነ፣ ሰዎቹም በዚያ የሚመላለሱት እንጀራቸውን ለማግኘት ወይም የታዘዙትን ለመፈጸም የሆነ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከምሳሌነት አልፎ የኀላፊነት ጥያቄ ይሆናል። ዛሬም ለመናገር ያሰብነው በሥራ ስፍራ ወለሉ ያልተስተካከለ በመሆኑ ምክንያት በሠራተኛ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ነው።

በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ዋና ከተማ አንበሳሜ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን ታላቅ መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሐሙሲት ታጥፎ ይደርስባታል። በወረዳ ከተማ ሁሉ እንደሚታየው በዚያም ከገጠር የሚመጣ ባለጉዳይ ብዙ ነው። አንዱ ስለ መሬቱ፣ አንዱ ስለ ግብሩ፣ አንዱ ስለ ፍርዱ ገና ሳይነጋ ከቤቱ ተነሥቶ ይመጣና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተራውን ሲጠብቅ ይውላል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ወደዚያች ከተማ ለጉዳይ ሄዶ በነበረበት ጊዜ፣ ስሙን በማንጠራው በአንድ ቤት ውስጥ የሚከተለውን ለማየት ችሏል። ቤቱ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። አንደኛው ክፍል ቀድሞ የተሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራ በበዛ ጊዜ ኋላ የተቀጠለ ነው። የኋለኛው ክፍል ወለል ከፊተኛው በሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ስለ ተሠራ፣ በበሩ መካከል ሲሚንቶ በዘወርዋራው ተለስኖ ሁለቱ እንዲገናኙ ተደርጎ ነበር። ልስኑ ግን ከብዙ ሰው እግር የተነሣ ተሰብሮ፣ አንድ ጣት የሚያህል ጠርዝ እንደ ጥርስ ብቅ ብሎ ቀርቷል። የቤቱ ሠራተኞች ያንን ጠርዝ ከመልመዳቸው የተነሣ፣ እዚያ ስፍራ ሲደርሱ ሳያስቡት እግራቸውን ከፍ አድርገው ያልፋሉ። ባለጉዳዩ ግን አያውቀውም።

በዚያን ቀን የወደቁት ግን ባለጉዳይ አልነበሩም፤ በዚያው ቤት ብዙ ዘመን ያገለገሉ ጠጉራቸው የሸበተ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። መዝገቡን እስከ አገጫቸው ድረስ አቅፈው ይዘው ሲሄዱ እግራቸውን ሊያዩ አልቻሉምና፣ ጠርዙ ያዛቸው። ሰው በሚወድቅበት ጊዜ ሳያስበው እጁን ስለሚዘረጋ፣ የሰውነታቸው ክብደት ሁሉ በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ዐረፈ። ያሉት ሁሉ «እኔን!» ብለው ተነሡ፤ መዝገቡንም ለቀሙላቸው። ጥቂት ቈይተው ግን አንዱ ወጣት ጸሐፊ «ምነው ጋሼ፣ እግርዎን አያዩም?» አላቸው። እርሳቸውም በሕመሙ ላይ ኀፍረት ተጨምሮባቸው፣ ስፍራውን እያወቁት መዘንጋታቸውን ተናግረው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱ። አንድ ሽማግሌም የመታቸው ቀኝ እግራቸውን ይሁን ግራቸውን ጠየቁ፤ እንቅፋትን ከገድ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አሉና። ስለ እግሩ ተጠየቀ፤ ስለ ወለሉ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ሠራተኛው የተሰጣቸው የዕረፍት ፈቃድ ከሕመም ፈቃድ ተቈጠረ። የሚጽፉበት እጅ በሥራ ላይ ሳሉ፣ በመሥሪያ ቤቱ ወለል የተነሣ መሰበሩ በማናቸውም መዝገብ አልተጻፈም። መዝገብ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው የራሳቸው ጉዳት መዝገብ ሳያገኝ ቀረ። ጠርዙም በዚያ በር መካከል እንደ ቀድሞው ነበረ።

እንግዲህ አንድ ጣት የሚያህል ነገር እንዴት የሰውን አጥንት እስከ መስበር ይደርሳል ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ሰው በሚራመድበት ጊዜ እግሩን ከመሬት ብዙ ከፍ የሚያደርግ ይመስለዋል። የሰውን አረማመድ የለኩ ሊቃውንት እንዳገኙት ግን፣ በደልዳላ ወለል የሚሄድ ሰው እግሩን ወደ ፊት ሲያሳልፍ የጣቱ ጫፍ ከወለሉ ርቆ የሚያልፈው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰውነታችን ድካምን ለመቀነስ ሲል ከዚህ አብልጦ አያነሣም። ስለዚህ ከወለሉ አንድ ጣት ብቅ ያለ ጠርዝ እግርን ለመያዝ ይበቃዋል።

ደግሞም በዚህ ነገር ትንሹ ከትልቁ ይከፋል። ደረጃ የሆነ እንደ ሆነ ዓይን ከሩቅ አይቶ ለእግር ይነግረዋል፤ እግርም ተዘጋጅቶ ይወጣል። ትንሹን ስንጥቅና ትንሹን ጠርዝ ግን ዓይን ይንቀዋል። የሸክም ብዛት ዓይንን የጋረደ እንደ ሆነ፣ ወይም ከፀሓይ ብርሃን ወደ ጨለማ ክፍል የተገባ እንደ ሆነ፣ ጨርሶም አያየውም። በአሜሪካ አገር አካል ጉዳተኞች የሚያልፉበትን መተላለፊያ የሚመለከተው ደንብ፣ ሳይስተካከል ሊታለፍ የሚችለው የወለል ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ ከዚያ አልፎ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ያለው ጠርዙ በዘወርዋራ እንዲለዝብ፣ ከ13 ሚሊ ሜትር የበለጠው ግን እንደ ተዳፋት ሆኖ እንዲሠራ ያዝዛል። ይህ ልክ የተወሰነው በከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ የእግርን ጠባይ በማወቅ ነው።

ወለል የሚበላሽበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የሰው እጅ ነው፤ በአንበሳሜ ያየነው ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛው ግን ቤቱ የቆመበት የመሬት ጠባይ ነው። ይህን ሁለተኛውን ለማወቅ የሚወድ ሰው ከደራ ተነሥቶ፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ወረታ ከተማ መሄድ ይበቃዋል።

ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና ባሕር የሚገቡ ወንዞች ናቸው። ክረምት በሆነ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፣ ከደጋው ያመጡትን ደለል በሜዳው ላይ ያለብሱታል። የሜዳውም አፈር በብዛት ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ለእህል ርስት፣ ለቤት ግን ጠላት ነው። ዝናም ሲጠጣ እንደ ሊጥ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ደርቆ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የተሠራ ቤት ዳር ዳሩ በዝናም ሲርስ መካከሉ ደረቅ ስለሚሆን፣ አንዱ ወገን ይነሣል፣ ሌላው በስፍራው ይቀራል። በጋም ሲመጣ ዳር ዳሩ ቀድሞ ይወርዳል። ይህ በየዓመቱ ስለሚደጋገም፣ ብረት ሳይገባበት ስስ ሆኖ የፈሰሰ የሲሚንቶ ወለል ይሰነጠቃል፤ የስንጥቁም አንዱ ከንፈር ከሌላው በላይ ይሆናል። በኅዳር የተስተካከለው ወለል በነሐሴ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ በጥቁር አፈር ላይ ዛሬ የሚሠራው ታላቅ ሥራ የሩዝ ሥራ ነው። ሩዝ በዚህ አገር ከጥንት የነበረ እህል አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በረዱበት ጊዜ፣ በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራም ወረዳ በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበሮች ተዘርቶ፣ ከዚያ ወደ ሜዳው ሁሉ ተስፋፋ። ኤክስ-ጅግና የተባለውም የሩዝ ዐይነት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከደራው ጅግና ነው። ቀድሞ ውሃ ሲተኛበት ጦም ያድር የነበረው መሬት ዛሬ የብዙ ቤተ ሰብ መኖሪያ ሆኗል። በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል ቆሟል፤ የሩዝ መፈልፈያ መኪናዎችም በከተማው ተበራክተዋል።

በእነዚህ የመፈልፈያ ቤቶች ውስጥ ከመኪናው ይልቅ የሚደክመው ተሸካሚው ነው። ገበሬው ያመጣውን ሩዝ ከጋሪ አውርዶ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ መኪናው፣ የተፈለፈለውንም ከመኪናው ወደ ክምሩ፣ ከክምሩ ወደ ካሚዮን የሚያደርሰው በጀርባው ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፣ አንድ ጐልማሳ ወንድ በእጁና በጀርባው የሚያነሣው ሸክም ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። ኩንታል የተሸከመ ሰው ከዚህ ልክ ወደ እጥፍ የቀረበ ክብደት ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። አንገቱ በሸክሙ ስለሚጐብጥ የሚያየው ከፊቱ ያለውን አንድ ክንድ መሬት ብቻ ነው።

ያም አንድ ክንድ መሬት በገለባ ተሸፍኗል። ሩዝ ሲፈለፈል የሚወጣው ገለባና ደቃቁ ዱቄት ወለሉን ያለብሰውና የተሰነጠቀውን ሁሉ ደልዳላ ያስመስለዋል። ገለባው ራሱ ያንሸራትታል፤ በሥሩ ያለው ስንጥቅ ግን እግር ይይዛል። በዚህ ላይ የመኪናው መቆሚያ ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ መሆኑን፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በመሬት ተዘርግቶ መተዉን፣ ከደጃፍ ወደ ካሚዮን የሚያሻግረውም ሳንቃ የሚወዛወዝ መሆኑን ብንጨምርበት፣ ሰው የማይወድቅበት ቀን መኖሩ ያስደንቃል። ባዶ እጁን የወደቀ ሰው የእጁን አንጓ ይሰበራል። ኩንታል ተሸክሞ የወደቀ ሰው ግን ሸክሙ በላዩ ይመጣበታልና፣ ጕዳቱ ወገብና የጀርባ አጥንት እስከ መስበር ሊደርስ ይችላል።

ከወደቀ በኋላስ ምን ይሆናል? አብሮ አደጎቹ ከዕለት ገቢያቸው አዋጥተው ወደ ወጌሻ ይወስዱታል። ወጌሻ ለአገራችን ብዙ ዘመን ያገለገለ ባለሙያ ስለ ሆነ ልንነቅፈው አንወድም። ነገር ግን የተሰበረ እጅ ወይም እግር በጠና ታስሮ ጣቶቹ የደነዘዙና የጠቈሩ እንደ ሆነ፣ ደም መመላለሱን አቁሟል ማለት ነውና፣ አንድ ሰዓት ሳይዘገይ ማሰሪያውን አስፈትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በዚህ ምክንያት ሊድን ይችል የነበረ እጅ እስከ መቈረጥ የደረሰበት ሰው በአገራችን ሆስፒታሎች ታይቷል። ተሸካሚው በተኛበት ጊዜ ሁሉ የዕለት ዋጋው ይቋረጣል፤ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ይጦማሉ። የወለሉ ጥፋት የተከፈለው በማን ገንዘብ ነው ቢባል፣ ከሁሉ ይልቅ ድኻ በሆነው ሰው ገንዘብ ነው።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። ገና በ1936 ዓ.ም. ቊጥር 58 የሆነው የፋብሪካዎች አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ የሠራተኛን ደኅንነት መጠበቅ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑ ታውቋል። ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቊጥር 1156/2011 በ92ኛው አንቀጽ፣ የሥራው ስፍራ በሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት ላይ አደጋ የማያመጣ መሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ በአሠሪው ላይ ያደርጋል፤ በሥራ ላይ የደረሰውንም ጉዳት መዝግቦ ለተቈጣጣሪው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ብቻ ሳይሆን፣ ከሥራው በፊት ወይም በኋላ ወይም ሥራ ለጥቂት ጊዜ በተቋረጠ ጊዜ ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት በግቢው ውስጥ ሳለ የደረሰበት ጉዳት በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ይቈጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ስለ ጉዳቱ ኀላፊ መሆኑ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ካልሆነ፣ ወይም ይህን የመሰለ በሕጉ የተለየ ምክንያት ካልተገኘ በቀር፣ «እግርህን ብታይ ኖሮ» ተብሎ መብቱ አይወሰድበትም። የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይከፍላል፤ ሠራተኛውም ሥራ ለመሥራት ባልቻለበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ድረስ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወሮች ከመቶ 75 እጅ የማያንስ፣ ለኋለኞቹ 6 ወሮች ደግሞ ከመቶ 50 እጅ የማያንስ ያገኛል። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ የሚተዳደሩ ቢሆኑም፣ በዚያም በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከተራ ሕመም ተለይቶ ይታያል። እንግዲህ የአንበሳሜው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጉዳት እንደ ሕመም በተቈጠረ ጊዜ፣ የቀረባቸው አንድ ቃል ብቻ አይደለም፤ መብታቸው ነው። ያንን ቃል ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

በተሸካሚው ላይ ያለው ችግር ግን ከዚህ የጠነከረ ነው። ዛሬ ለአንዱ ነጋዴ፣ ነገ ለሌላው የሚሸከም ሰው በወደቀ ጊዜ፣ ባለመኪናው «እኔ አልቀጠርሁትም፣ የቀጠረው ነጋዴው ነው» ይላል፤ ነጋዴውም «ወለሉ የእኔ አይደለም» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት በየበኩሉ እውነት ይመስላል፤ በመካከሉ ግን ሰው ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ የከተማው ሹማምንት ለወፍጮ ቤት ፈቃድ በሚሰጡበትና በሚያድሱበት ጊዜ፣ በዚያ ወለል ላይ ለሚወድቅ ሰው ሕክምና ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ እንዲጻፍ ቢያደርጉ፣ ክርክሩ ከመሠረቱ ይቀራል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር አሠሪዎች በየዓመቱ ለመንግሥት ከሚያስታውቁት፣ ለሞት ካላደረሱት የሥራ ጉዳቶች መካከል ሢሶ ያህሉ የሚመጣው በመንሸራተት፣ በእንቅፋትና በዚያው በቆሙበት ወለል ላይ በመውደቅ ነው። ያን ያህል መኪናና ፋብሪካ ባለበት አገር እንኳ ከመኪና ጥርስ ይልቅ ወለል ብዙ ሰው ይጐዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እንደሚገምተው፣ ከትልቅ ስፍራ የወደቁትም ሲቈጠሩ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ ከዚህም ውስጥ ከመቶ 80 እጅ የሚበልጠው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አባል ሆናለች። በ1973 ዓ.ም. የወጣውን ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የሚናገር 155ኛውን ስምምነትም በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። በፊርማችን ያጸናነውን በወለላችን ላይ ልናሳየው ይገባናል።

የቤት ባለቤት በቤቱ ውስጥ ስለሚደርሰው አደጋ ተጠያቂ መሆኑን አባቶች ካህናት ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍም ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ የገባበት እንደ ሆነ ዋጋውን እንዲከፍል ተፈርዶበታል። በሬው ምነው አላየህም ተብሎ አልተወቀሰም። ለእንስሳ እንዲህ ከተፈረደ ለሰውማ እንዴት ይሆን?

ቤተ ክርስቲያንም ለሚያገለግሉባት ሰዎች የሥራ ስፍራ ናት። ዲያቆኑ እሳት ያለበትን ጽና ይዞ ይመላለሳል፤ ያረጁ መሪጌታ በሌሊት ለማኅሌት በጧፍ ብርሃን ደረጃ ይወጣሉ፤ ከበሮ የተሸከመው እግሩን አያይም። ስጋጃ በስጋጃ ላይ ተነጥፎ ጠርዙ የተጠቀለለ እንደ ሆነ፣ ወይም የደጀ ሰላሙ ንጣፍ ደንጊያ የተናጋ እንደ ሆነ፣ በዚያ የሚወድቁት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። በሽምግልና ዕድሜ የተሰበረ የዳሌ አጥንት ብዙ ጊዜ ሰውን ካልጋ ያውለዋል። ለመቅደሱ ክብር ምንጣፍ የሚያመጣ ምእመን እንዳለ ሁሉ፣ የምንጣፉን ጠርዝ የሚያስተካክልም ሊኖር ይገባል።

እንግዲህ ችግሩን ብቻ ተናግረን እንዳንተወው፣ ሊደረግ የሚቻለውን በአጭሩ እንገልጻለን።

አንደኛ፣ ወለሉን መለካት ነው። ለዚህ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም። ሁለት ሰዎች ሲባጎ ከዳር እስከ ዳር ወጥረው ይዘው፣ በሲባጎውና በወለሉ መካከል ያለውን ልዩነት በጣት ቢለኩት ጕድጓዱና ጕብታው ይታወቃል። ግንበኛ ካለም በውሃ ልክ ያረጋግጠዋል። ይህም ጥቁር አፈር ባለበት አገር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አፈሩ ጠጥቶ ባበጠበት በመስከረምና ደርቆ በተኮማተረበት በሚያዝያ፣ ሊደረግ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ የተገኘውን ጠርዝ ማለዘብና ስንጥቁን መድፈን ነው። ወዲያው ለማስተካከል የማይቻል ቢሆን፣ ከሩቅ የሚታይ ብጫ ቀለም ቢቀባበትና መብራት ቢደረግለት፣ ቢያንስ ዓይን ለእግር ይነግረዋል። ነገር ግን ቀለም የጥገና ምትክ ሆኖ ዓመት እንዳይከርም መጠንቀቅ ያሻል።

ሦስተኛ፣ ወደ ፊት በዋልካ ላይ የሚሠራ ቤት ሁሉ፣ ጥቁሩ አፈር ተቈፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ተተክቶ፣ በየደረጃው በውሃ እየራሰና እየተጠቀጠቀ፣ ወለሉም ብረት ገብቶበት ሊሠራ ይገባል። የጣራው ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦይ ይበጅለት። ባሕር ዛፍም ከቤት አጠገብ ባይተከል ይሻላል፤ ሥሩ የአፈሩን ውሃ ስለሚጠጣ መሬቱ ከአንድ ወገን እንዲወርድ ያደርጋል።

አራተኛ፣ በመፈልፈያ ቤቶች ገለባውን በየሰዓቱ የሚጠርግ አንድ ሰው መመደብ፣ ገመዱን በግድግዳ ላይ ማሳለፍ፣ ሳንቃውን ሰፊና የማይወዛወዝ ማድረግ፣ ለሸክም የሚሆነውንም ጆንያ በግማሽ ኩንታል መወሰን ነው። ግማሽ ኩንታል የተሸከመ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ መንገዱን ሊያይ ይችላል።

አምስተኛ፣ የወደቀውን ሁሉ መመዝገብ ነው። መቼ፣ የት፣ ምን ተሸክሞ ሳለ፣ በምን ተደናቅፎ እንደ ወደቀ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ያልተሰበረውም ይጻፍ፤ ዛሬ ተደናቅፎ የዳነው ሰው ነገ የሚሰበረውን ያመለክታልና። በአንድ ስፍራ ሦስት ሰው እንደ ወደቀ ደብተሩ የተናገረ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ የሰዎቹ አለመሆኑን ለማስረዳት ሌላ ምስክር አያሻም።

በአገራችን ላይ ስንት ታላቅ ችግር ሳለ ስለ ወለል ስንጥቅ መነጋገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩን ስንመረምረው ግን ታላላቆቹ ችግሮች ከአንድ ሹም ሥልጣን በላይ ናቸው፤ ይህ ግን ከአንድ ሹም ጠረጴዛ በታች፣ በእግሩ ሥር ያለ ነው። ገንዘብ የለም የሚባለውም ቢሆን ለብዙው አይሠራም። አንድን የተሰበረ ጠርዝ ለማለዘብ ጥቂት ሲሚንቶና አሸዋ፣ የአንድ ግንበኛም የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል። የአንድ ሠራተኛ እጅ የሚጠይቀው የሕክምና ወጪና የወራት ደመወዝ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእርግጥ ዋልካው ግትር ስለ ሆነ የተጠገነው ወለል ተመልሶ ሊሰነጠቅ ይችላል። ገበሬው ግን በየዓመቱ አረም ይበቅላል ብሎ ማረምን አይተውም።

ስለዚህ ይህን የሚያነቡ ሹማምንትና ካህናት ሁሉ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። ነገ ጧት ወደ ሥራቸው ሲገቡ፣ እንግዳ ወይም ሸክም የያዘ ሰው በሚሄድበት መንገድ፣ ከደጃፍ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ቀስ ብለው ይሂዱ። እግራቸው ሳያስቡት ከፍ የሚልበት ስፍራ ካለ በዚያ ይቁሙ፤ ለዓመታት የለመዱት እንቅፋት ያ ነው። እንዲስተካከልም በዚያው ቀን ይዘዙ። «እኔን ይድፋኝ» ማለት መልካም ነው፤ ማንንም የማይደፋ ወለል ማበጀት ግን ከዚያ ይበልጣል።